ፊታውራሪው እጅ ያስታጠበ ዕለት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሱዳን ከገዳሪፍ ገበያ ወደ ቤቴ ያደረሰኝ ወጣት፣ ባለሦስት እግሯ ረክሻው ጀርባ ላይ በትልቁ «ፊታውራሪ» ብሎ ጽፏል። ትርጉሙን ብጠይቀው ሳቀ። «ኧረ እማማ፣ ፈጣን ማለት መስሎኝ ነው!» አለ። በቅርቡ ጦርነት ሸሽቶ፣ መንደር 8 በሚባለው የስደተኞች ጣቢያ በኩል የመጣ ልጅ ነው፤ አልፈርድበትም። እስከ ደጄ ድረስ ሳስረዳው ሄድኩ።

ፊታውራሪ በጦርነት ጊዜ ከፊት የሚቀድም የጦር አለቃ ነው። ደሞዝ አልነበረውም፤ ጉልት ይሰጠዋል። መሬቱን ገባሩ ያርሳል፣ እሱ ከምርቱ ድርሻውን ይወስዳል። አባቴ አርማጭሆ ቆላ ላይ ፊታውራሪ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጦር ሜዳ ወጥቶ አያውቅም፤ ወደ ገባር ጎተራ ግን ማንም አይቀድመውም ነበር። ለልጁ ይህን ያህል ነገርኩት። የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

መሬት ላራሹ ሲታወጅ ሸሽተን ሱዳን ገባን። እኔ ኮረዳ ነበርኩ። ፋሽጋ ውስጥ ባለ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ እሱ አጫጅ ሆነ፤ እኔ የሱዳኖቹን ገንፎ፣ አሲዳውን፣ ለሠራተኛው አገነፋ ነበር። ስሙን ሳይቀር ለውጦ «አያ መርሻ» ተባለ። የሸሹ ባላባቶችን እያደኑ ድንበር የሚሻገሩ ታጣቂዎች እንዳሉ ይወራ ነበር። መኪና በሩቅ አቧራ ባስነሳ ቁጥር አባቴን በዓይኔ እፈልግ ነበር።

ሰሊጡ ሳይረግፍ እንዲታጨድ የእርሻው ወኪል አዲስ ሰው አስመጣ። ከመካከላቸው አንዱን ሳይ ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። አያ ታረቀኝ ነው፣ የአባቴ ገባር የነበረው። አባቴ ድርሻ አጉድለሃል ብሎ በክረምት ከመሬቱ አስነስቶታል፤ ሚስቱ የወፍጮ መጇን አዝላ በዚያ ጭቃ ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን አባቴን ሲያይ ልማድ ቀደመውና፣ ጌታ ፊት እንደሚቆም ሰው ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ሊያሸርጥ ጀመረ። አባቴ በዓይኑ ለመነው። ታረቀኝ ነጠላውን መልሶ ደርቦ አለፈ። ይናገራል አይናገርም እያልኩ ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከታረቀኝ ላይ አልነቅልም ነበር።

ታጣቂዎቹ የመጡት ሠራተኛው ለምሳ እንደተቀመጠ ነው። ሁለት ነበሩ።

«እዚህ የተደበቀ ፊታውራሪ አለ ተብለናል» አለ አንደኛው። ወደ ታረቀኝ ዞረ። «አንተ የአርማጭሆ ሰው ነህ አሉ። የትኛው ነው?»

ታረቀኝ አባቴን አየው። አየው፣ አየው።

«አንተ መርሻ!» ብሎ ጮኸ። «ምን ትንቀረፈፋለህ? ለእንግዶቹ ውሃ አምጣ እንጂ!»

ገባር ቀርቶ እናቴም አንተ ብላው አታውቅም! የአባቴ ደም ይፈላና እናልቃለን ብዬ ነበር። ተነሣ። ማንቆርቆሪያውን ይዞ ጎንበስ አለ፤ ግራ እጁን በቀኝ ክንዱ ሥር ደግፎ ውሃውን በቀጭኑ አወረደላቸው። ጠብታ አልረጨም። አንደኛው እጁን እየታጠበ ትክ ብሎ አየው።

«ደህና ታስታጥባለህ። የት ለመድከው?»

«ደጃዝማች ቤት አሽከር ነበርኩ» አለ አባቴ።

አልዋሸም። ኋላ እንደነገረኝ፣ ማዕረግ የሚመኝ የባላባት ልጅ ሁሉ በትልልቅ ጌቶች ቤት እጅ እያስታጠበ ነበር የሚያድገው። ከዚያ ታረቀኝም እጁን ዘረጋ፣ ቀስ ብሎ ታጠበ። ታጣቂዎቹ አሲዳቸውን በልተው ሄዱ።

አባቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ «ነፍሴን አተረፍካት» አለው። «ያን ሁሉ አድርጌብህ፣ ለምን?»

«አዝኜልዎት እንዳይመስልዎ» አለ ታረቀኝ። «እጄ ላይ ውሃ ሲያፈሱ ማየት እፈልግ ነበር። አየሁ። በቃኝ።» ማጭዱን አንሥቶ ወደ ሰሊጡ ገባ።

አባቴ እዚሁ ገዳሪፍ ተቀበረ። እስኪሞት ድረስ ስለ መሬቱ ዳግመኛ አላነሣም። የወንድሞቼ ልጆች ግን ዛሬም ከመተማ እየደወሉ የአያታችን ጉልት እስከ የት ነበር ይሉኛል። ከየትኛው ወንዝ እስከ የትኛው ተራራ እንደሆነ ስነግራቸው ጥርት አድርገው ይሰሙኛል። ታረቀኝ የሚባል ሰው ያርሰው ነበር ስል ኔትወርኩ ይቆራረጥባቸዋል።