ከወንበሬ ስር የነበረው ስላይድ

ሆስፒታል ሥራ የገባሁት በጽዳት ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ የነበረችው ሲስተር መወልወያ ሰጠችኝና የፓቶሎጂ ክፍሉን በር ከፍታ፣ «ወለሉን ብቻ። ጠረጴዛው ላይ ያለ ነገር አይነካም» አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ ጣት የሚያህሉ ቀጫጭን መስታወቶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው መሐል ላይ ሐምራዊ ነገር አለ። «ምንድን ነው?» አልኳት። «ሰው ነው» አለችኝ። ከበሽተኛ የተወሰደ ናሙና ኖሯል፤ ካንሰር መሆን አለመሆኑ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ስላይድ። ሰው ነው ስትለኝ ጫማዬን አውልቄ መወልወል ጀመርኩ። ሲስተሯ ስታየኝ፣ «ኧረ መስታወት ይወጋሻል!» ብላ ጮኸች።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። እጄ ስለማይንቀጠቀጥ፣ ጽሑፌም ስለሚነበብ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ናሙና አመላላሽ፣ ቀጥሎም የስላይድ መዝገብ ያዥ ሆንኩ። በካርድ ቁጥር ብቻ አልመዘግብም። ሰዋችን ካርድ ይጥላል፤ ሲጥል አዲስ ያወጣል፤ ኮምፒውተሩ ላይ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ደብተሬ ላይ ስም እስከ አያት፣ ቀጥሎ ሰፈር እጽፋለሁ። ካርድ ጥሎ የመጣውን ደግሞ ኮሪደሩ እስኪሰማ እጮህበት ነበር።

አንድ ጊዜ መደርደሪያው ሞላና ባለቤታቸው ያልተመለሰ ስላይዶች ይወገዱ ተባለ። እምቢ አልኩ። «ያልመጣ ሁሉ ሞቷል ያለው ማነው?» በጫማ ካርቶን ከትቼ ወንበሬ ስር አስቀመጥኳቸው፤ ከዚያም በኋላ ባለቤቱ ያልተመለሰውን ሁሉ እዚያው እጨምር ነበር።

ከዚያ የሐሙሱ ስብሰባ ተጀመረ። ሐኪሞቻችን ከናይሮቢና ከሕንድ ሐኪሞች ጋር በኢንተርኔት እየተገናኙ ያስቸገራቸውን ስላይድ አብረው ያያሉ። ማይክሮስኮፑ ላይ ካሜራ ተገጠመ፤ በእጄ የያዝኩት ትንሽ መስታወት ግድግዳ አክሎ ታየ። አፌን ይዤ ቀረሁ። የመካኒሳ ሰው ሕመም ላይ ሕንድ የተቀመጠ ሰው ሲከራከር! ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሙስ ቀርቼ አላውቅም።

ጊዜው የሚበቃው ለሦስት በሽተኛ ነው። ተራውን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

አንድ ሐሙስ ሦስተኛዋ ፀሐይ የምትባል በሽተኛ ነበረች። መካኒሳ በእግር በሚረገጥ መኪና ልብስ ሰፍታ ነው የምትኖረው። ጉልበቷ አጠገብ አጥንቷ ላይ ዕጢ ወጥቶ፣ ሰኞ እግሯ ሊቆረጥ ተወስኗል። ስብሰባው ሊጀመር ሲል የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር መስፍን ሌላ ፋይል ይዞ መጣ።

«እማማ ደብሪቱ፣ ይሄን በፀሐይ ቦታ ያስገቡልኝ። ከላይ ተደውሎ ነው።»

«ሰኞ እግሩን ይቆርጡታል?»

«ኧረ እሱስ አይደለም።»

«እንግዲያው ይጠብቃላ። ሐሙስ በየሳምንቱ አለ፤ እግር ግን ተመልሶ አይበቅልም።»

«የሚጠይቁት እኮ እኔን ነው።»

ዶክተር ማለቱን ተውኩት። «ልጄ፣ ማን ከለከለህ ሲሉህ አንዲት አሮጊት በላቸው። ይደውሉልኝ።»

እየሳቀ ፋይሉን መለሰው።

የፀሐይ ተራ ደረሰ። ሕንዳዊቷ ሐኪም ብዙ አየችና አንድ ነገር ተናገረች፤ ዶክተር መስፍን ተረጎመልን። ናሙናው ሲወሰድ ተጨፍልቋል፣ ሴሎቹ አይለዩም፣ ከዚህ በፊት የተወሰደ የለም ወይ ነው ያለችው። ኮምፒውተሩን ከፈተ። «የለም» አለ።

«ቆዩኝ፣ እንዳትዘጉት!» ብዬ ደረጃውን በዚያ በሚያመኝ ጉልበቴ ወረድኩት። ደብተሬን ገለጥኩ፦ ፀሐይ ቶሎሳ ገመዳ፣ መካኒሳ። ከስምንት ወር በፊት፣ በሌላ የካርድ ቁጥር! ካርቶኑን አቅፌ ስመለስ ፀሐይ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች።

«ከዚህ በፊት ናሙና ሰጥተሻል?»

«አዎ። ሕመሙ ሲተወኝ ለውጤቱ ሳልመለስ ቀረሁ፤ ካርዱም ጠፋ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

መሬት መሬት አየች። «እርስዎ ካርድ በጣሉ አንድ ሽማግሌ ላይ ሲጮሁ ሰምቼ ፈራሁዎት።»

ከካርቶኑ ውስጥ የእሷን ለይቼ አወጣሁ። ገባሁና ስላይዱን ሰጠኋቸው።

ምስሉ ሲወጣ ናይሮቢ ያለው ሐኪም ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ሁለቱም እኩል መናገር ጀመሩ። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ የሐኪም ድምፅ ሲለወጥ ግን አውቃለሁ። ዶክተር መስፍን ከወንበሩ ተነሳ።

«እማማ፣ ሊምፎማ ይመስላል፤ በመድኃኒት የሚታከም ካንሰር ነው። እስኪረጋገጥ የሰኞው ይቁም።»

እልል አልኩ። ሕንዳዊቷ ደንግጣ ምን ሆናችሁ እያለች ስትጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ከቀረው ናሙና ሌላ ምርመራ ተሠርቶ ተረጋገጠ። ፀሐይ መድኃኒቱን ጨረሰች፤ ያኛውም ፋይል በሚቀጥለው ሐሙስ በተራው ታየ። ጡረታ ስወጣ የለበስኩትን ቀሚስ የሰፋችው እሷ ናት፤ በሁለት እግሯ መኪናዋን እየረገጠች።

አሁን በእኔ ወንበር ለተቀመጣችሁ፦ ተራ ጠብቁ፤ ስም እስከ አያት ጻፉ። ካርድ የጣለ ሰው ላይ ግን አትጩሁ። የጮሃችሁበት ሰው ይደብቃችኋል።