ያልፈታሁት የውድነሽ እግር

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ መስቀሉ ስር ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው መስደቤን ስዘረዝር ቆይቼ ይቺን ግን ውጬ ተነስቻለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገርና ፍረዱኝ።

እኔ የይጁቤ ወጌሻ ነኝ። የወለቀ መመለስ፣ የተሰበረ መጠገን ከአባቴ የወረስሁት ሙያ ነው። በጣልያን ጊዜ የጎረቤቴ የካሴ ልጅ ውድነሽ ከበቅሎ ወድቃ ጭኗ ከዳሌዋ ወለቀ። ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሳብሁት፤ አልገባም። በማግሥቱም ሳብሁት፤ አልገባም። ልጅቱ በላብ ተጠምቃ "አይዞዎት፣ አያ ደሴ" አለችኝ። እሷ እኔን! አፈርሁ። ሁለት እግሯን አጋጥሜ በቀርከሃ አሰርሁና ገብቷል አልሁ። ዋሸሁ።

በሳምንቱ ደብረ ማርቆስ በጣልያኖች ሐኪም ቤት ልብስ የምታጥበው የካሴ እህት መጣች። ሐኪሙ ሥጋውን ከፍቶ የወለቀ ዳሌ ወደ ቦታው ሲመልስ አይታለች፤ አንድ ጎረምሳ በእግሩ ሄዶ ወጥቷል። ሐኪሙ ግን ከከረመ አይሆንም ብሏል አለች።

በእኛ ዘንድ ወጌሻ ያሰረውን ሌላ ሰው አይፈታም። ካሴ ይህን አክብሮ፣ ጋቢውን አደግድጎ ደጄ መጣ። "እርስዎ ካሉ ልውሰዳት፤ ይፍቱልኝ" አለኝ።

ምን አልሁት? "እግሯን ቆርጦ ይጥለዋል። ደግሞስ ልጅህን ለጠላት ቢላዋ ሰጥተህ ወንድምህን በምን ዓይንህ ታየዋለህ?" አልሁት። ወንድሙ ጫካ ገብቶ ከአርበኞች ጋር ነበር፤ የት እንደሚያመው አውቄ ነው የነካሁት። አገሬን ወድጄ ነው? አይደለም። ጣልያኑ እግሯን ሲያየው ውሸቴ ሊገለጥ ነው። የፈራሁት ያንን ነው። ካሴ አመስግኖኝ ሄደ።

በአርባ ቀኑ ፈታሁት። አንዱ እግሯ አጥሮ ቀረ።

ልቤ አንዳንዴ፣ ሐኪሙስ ባያድናት ኖሮ ይለኛል። ማን ያውቃል? መሞከሩን ግን የከለከልኋት እኔ ነኝ።

ውድነሽ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ስታነክስ ውሃው ከእንስራው እየፈሰሰ ጀርባዋ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ያጫት ሰው አካሄዷን አይቶ ቀርቷል። በየዓመቱ ለፋሲካ ዳቦ ይዛልኝ ትመጣና ጉልበቴን ትስማለች። "እግሬን ከጣልያን ቢላዋ ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት" ትለኛለች። እኔም፣ እኔ ውሸታሙ፣ እመርቃታለሁ።

ማሩኝ አልላችሁም፤ ምሕረቱ የእናንተ አይደለም፣ የእሷ ነው። እሷ ደግሞ የምትምረው በደል እንዳለ አታውቅም። ለመጪው ፋሲካ ስትመጣ፣ ጉልበቴን ሳትስም በፊት እነግራታለሁ ብያለሁ። አምናም እንዲሁ ብዬ ነበር።