አያቴን ካፒቴን ያደረግናቸው እኛ ነን

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ንጉሤ ከመሐል ሜዳ በስልክ ፎቶ ላከልኝ። ለአያታችን መቃብር የተቀረጸ አዲስ እብነ በረድ ነው፤ ዳር ዳሩ ሐረግ አለው፣ ከላይ መስቀል። ከመስቀሉ ሥር በትልቁ «ካፒቴን ደምሴ» ይላል። የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ አስቀምጬ፣ መነጽሬን ጠራርጌ ደግሜ አየሁት። ካፒቴን! አያቴ እኮ የመርከብ ወጥ ቤት ነበሩ።

ተናደድኩ ብል ያንሳል። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ የደም ግፊት አለብኝ፤ ሐኪሜም እንዳልቆጣ መክሮኛል። ሐኪሜ ግን ዘመዶቼን አያውቃቸውም።

አባባ ደምሴ በወጣትነታቸው ከትውልድ መንደራችን ከዘመሮ ተነሥተው አሰብ ወረዱ። እዚያ የጭነት መርከብ ላይ ተቀጠሩና፣ ከወደብ ወደብ እየዞሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለባሕረኞች ምግብ ሲያበስሉ ኖሩ። ልጆቻቸውን የወለዱት በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ብቅ እያሉ ነው። ጠቅልለው ሲመጡ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። በክረምት፣ የጓሳ ተራራ ነፋስ አጥንት ሰርስሮ ሲገባ፣ በርኖሳቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው የበግ ቅቅል በድንች ይሠሩልናል። የነጭ ሽንኩርቱና የቃሪያው ሽታ እስከ በረቱ ይደርስ ነበር። ድስት ግን ከግማሽ በላይ ሞልተው አያውቁም።

«አባባ፣ ለምን አይሞሉትም?» ስላቸው፣

«መሬቱ ቢናወጥስ?» ይሉኝና ይስቃሉ።

በእኛ አገር ወንድ ጓዳ ገብቶ ማማሰያ አይጨብጥም። ሚስቱ ገበያ ውላ ካመሸች ጦሙን ይጠብቃታል እንጂ እሳት አያነድም። ስለዚህ አባባ ጓዳ ሲገቡ ሴት አያቴ ቀድመው የግቢውን በር ይቀረቅሩ ነበር፣ ጎረቤት እንዳያይ። ወጡ ሲቀርብ ግን የሚያፍር አልነበረም። ጋሼ ሸዋንግዛው፣ የንጉሤ አባት፣ ከሁላችንም በላይ ጣታቸውን ይልሱ ነበር።

አባባ ያረፉት በጥቅምት ነው፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩና፣ ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ታዘዝኩ። በማለዳ ተቀምጬ እንባዬን እየጠረግሁ ጻፍኩት። ጋሼ ሸዋንግዛው ወረቀቱን ተቀብለው ሲያነቡ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይሄ ምንድን ነው? ‹ምግብ አብሳይ›?»

«ሥራቸው አይደለም ወይ፣ ጋሼ?»

«ሥራቸው መርከብ ነው! ነገ ልጆቼን የወጥ ቤት ዘር እያሉ ሊያሽሟጥጡብኝ ነው?»

«ገዳም ያሉ መነኮሳትስ ራሳቸው ያበስሉ የለም እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ መልስ አታብዢ።»

እስክሪብቶ አውጥተው መስመሯን ሰረዟትና ከላይዋ «የመርከብ ሹም» ብለው ጻፉ። «በይ፣ በንጹሕ ወረቀት ገልብጪው» አሉኝ። ገለበጥኩት።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ አስከሬኑ ፊት ቆሜ አነበብኩ። ድምፄ እንኳ አልተሰናከለም። «ሹም» ስል ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ፤ ጋሼም ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሲታደል፣ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ጠጋ አሉኝ። ከደብረ ብርሃን የመጡ የአባባ የመርከብ ጓደኛ ኖረዋል፤ ሞተር ክፍል ይሠሩ ነበር።

«ልጄ፣ የማንን ታሪክ ነው ያነበብሽው?» አሉኝ።

ወረቀቱን ነጠላዬ ሥር ሸሸግሁት።

«ሦስት ቀን ማዕበል ሲያንገላታን፣ ካፒቴኑ ሳይቀር ወድቆ ሲያስመልሰው፣ ደምሴ ወገቡን ከምድጃው ብረት ጋር በገመድ አስሮ ሾርባ እየሠራ ያጠጣን ነበር። እኔ ያንን ሰው ልቀብር ነው የመጣሁት። እናንተ ሌላ ሰው ቀበራችሁ።»

ንፍሮውን ሳይቀምሱ ወጥተው ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በእኛ ቤት እያደር የጠራው ውሸቱ ነው። በቀብራቸው ሹም የተባሉት አባባ በሙት ዓመታቸው መኮንን ሆኑ፤ በልጅ ልጆቻቸው ሠርግ ላይ ደግሞ ምክትል ካፒቴን። በሕይወት ሳሉ አንድ የሥራ ዕድገት ያላዩ ሰው፣ ከሞቱ በኋላ ማዕረግ በማዕረግ ሆኑ።

ምን ዓይነት ንቀት ነው? ሠላሳ ዓመት ሰው የመገበ እጅ ያሳፍራል፤ ከዚያ እጅ መብላት ግን አያሳፍርም! ዕድሜያቸውን በጭስ የጨረሱት እናቶቻችንስ፣ በዚህ አያያዝ ምን ሊባሉ ነው? ይሄንን ሁሉ ለንጉሤ ልነግረው ደወልኩለት።

«ያንን ድንጋይ እንዳትተክሉት» አልኩት።

«እንዴ እትዬ! እርስዎ አይደሉ እንዴ የጻፉት? አባቴ እስኪያርፉ ድረስ ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አኑረውት ነበር። እዚህ እጄ ላይ ነው፤ የራስዎ ጽሕፈት ነው። እኛማ ሹም ከሚለው ተነሥተን ነው።»

ልጁ እውነቱን ነው፤ ያኔ ገና ይድህ ነበር፣ ከየት አምጥቶ ያውቃል? የውሸቱ ምስክር የእኔው እጅ ነው። ስልኩን ዘግቼ የቀዘቀዘውን ሻይ ደፋሁት።

ድንጋዩ የሚተከለው የፊታችን እሑድ ነው። ጉልበቴ ቢያመኝም መሐል ሜዳ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያም ዘመሮ እሄዳለሁ። ያኔ በዋሸሁበት ቦታ፣ ሕዝቡ ፊት ቆሜ፣ ጋሼ የሰረዟትን መስመር አነባለሁ። ወረቀት አያስፈልገኝም፤ ከአርባ ዓመት በኋላም ቃል በቃል አልረሳኋትም፦

«አባባ ደምሴ የመርከብ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ከእጃቸው በልቶ ሳይጠግብ የተነሣ የለም።»