ነጋዴዎቹን ያስደነገጠው የአቶ ያየህ የጥሪ ወረቀት

አቶ ያየህ በወረታ ከተማ ፍርድ ቤት በር ላይ አቤቱታ ሲጽፉ ሃያ ዓመት ኖረዋል። በ1957 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል አንድ የእርሻ ባለሙያ መጣና፣ ቆዳ ሳይበሰብስ ስለማድረቅ ለቆዳ ነጋዴዎች ትምህርት ሊሰጥ ስለሆነ የጥሪ ወረቀት እንዲጽፉለት ለመናቸው። እሳቸውም እጃቸው የፍርድ ቤቱን አጻጻፍ እንደለመደው፣ «ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳትቀር እንድትቀርብ» ብለው ለአሥር ነጋዴ ላኩ።

ማክሰኞ አምስቱ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ይፋግ ጠፍተዋል። የቀሩት አምስቱ የየራሳቸውን ዋስ ይዘው መጡ። ኢሳቅ የሚባለው ነጋዴ ገና ባለሙያውን ሲያይ፣ «ጌታዬ፣ አጥሩን የገፋሁት አንድ ክንድ ብቻ ነው!» አለ። ዋስ ሆኖት የመጣው ጎረቤቱ ዘወር ብሎ አፈጠጠበት። «የማንን አጥር?»

አቶ ያየህ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። ከመጡት አንዷ፣ ቆዳ ነጋዴዋ ሀጂራ ግን ሳቋ አልቆም አላት። «አቶ ያየህ፣ መጥቶ የሚያገኘውን ይጻፉለት እንጂ፤ ሰው እንዲህ ይጠራል?»

አቶ ያየህ እዚያው ቁጭ ብለው እንደገና ጻፉ፦ «ዝናቡ ቆዳዎን እያበሰበሰ አስቸግሮዎታል? ሐሙስ ጠዋት ይምጡ፤ መፍትሔውን በዓይንዎ ያዩታል።»

ሐሙስ ከአንበሳሜ ድረስ ሰው መጥቶ ትምህርቱ የሚሰጥበት ቤት ጠበበ። አቶ ያየህ ከበሩ አልርቅ አሉ፤ ሰው በሳቸው ወረቀት ወዶና ስቆ ሲመጣ አይተው አያውቁም ነበር።