ቁልቁለቱን የኋሊት

ታላቅ ወንድሜ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን አጥቂ ነበር። በደርግ ጊዜ ኳስ ተጫዋች የሚባል የሥራ መደብ ስላልነበረ ተጫዋች የሚቀጠረው በሠራተኛነት ነው። እሱም ለስሙ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ በክፍሉ በር ግን እንኳ አያልፍም። ጠዋት ልምምድ፣ ከሰዓት እረፍት፣ እሑድ ጨዋታ። ኳስ ያቆመ ተጫዋች ከፋብሪካው አይባረርም፣ ወደ ማሽኑ ይላካል እንጂ። ደመወዙ አይቀርበትም፤ የሚቀርበት ኳሱ ነው። ወንድሜ ደግሞ ከኳስ ሌላ የሚወደው ነገር አልነበረውም።

እኔ ያኔ የማታ ተማሪ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ለአቅመ ሔዋን ከደረስኩ በኋላ ስለነበር ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ጋዜጣው ስለ እሱ ሲጽፍ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። አንዴ «በግራ እግሩ አስቆጠረ» ብዬ ሳነብ፣ «በቀኝ ነው» አለኝ።

«ታዲያ እንዲያርሙት አትነግራቸውም?»

«ተይው መምህርት። ገብቷል አይደል?»

ቀኝ ጉልበቱን የተጎዳው በበልግ ዝናብ፣ ጭቃ ላይ ሲጫወቱ ነው። የቡድኑ ወጌሻ አሽቶ በፋሻ ጠቀለለውና ትንሽ ቆይቶ ሮጠ። ሜዳ ላይም ዳገት ላይም ምንም አይለውም። ቁልቁል ሲወርድ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ሮጦ ድንገት ለመቆም ሲሞክርም እንደዚያው። ድንገት መቆም የማይችል አጥቂ ደግሞ ምን ያደርጋል? ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀኝ።

ቡድኑ የውድድሩ ዓመት ሊጀመር ሲል አንድ ልማድ ነበረው። ተጫዋቾቹ ከእንጦጦ ግርጌ ተነስተው እስከ ማርያም በር ይሮጣሉ። አሰልጣኙ እላይ ቆሞ ይጠብቅና በአደራረሳቸው ተሰላፊዎቹን ይመርጣል። ሲጨርሱ የፋብሪካው የጭነት መኪና ጭኖ ያወርዳቸዋል። ስለዚህ ማንም ሰው ሲወርድ ታይቶ አያውቅም። ወንድሜ የተማመነው በዚህ ነው።

ቤታችን ከተራራው ሥር፣ የካ ስለነበር ክረምቱን ሙሉ ዳገቱን ተለማመደ። እኔም ሹራቡን ይዤ እከተለዋለሁ። መውረዱን ግን ጉልበቱ እንዳይከዳው የሚወርደው የኋሊት ነበር፣ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አድርጎ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ይስቁበታል።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለችው አንዷ።

«ለማርያም ጀርባዬን ላለመስጠት ነው፣ እናቴ።»

«እሱ እስከ ቅጥሩ በር ነው እንጂ እስከ የካ ነው እንዴ!»

የሩጫው ቀን ወንድሜ ከፊተኞቹ ጋር ደረሰ። አሰልጣኙ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔ በሩ አጠገብ ሹራቡን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ነውና መኪናው ሳይመጣ ቀረ።

«እንግዲህ በእግራችን ነው» አለ አሰልጣኙ። «ሶምሶማ፣ ቀጥሉ!»

ወንድሜ አየኝ። ከዚያ ዞረና የኋሊት መውረድ ጀመረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉት ጓደኞቹ።

«ለማርያም ጀርባዬን አልሰጥም።»

«ቀስ፣ ካድሬው እንዳይሰማህ!» አለ አንዱ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። አንዳንዶቹም እየዞሩ እሱን መምሰል ጀመሩ፤ በረኛቸው ድንጋይ አደናቅፎት በመቀመጫው ወደቀ። ያልሳቀው አሰልጣኙ ብቻ ነበር።

«እኔም ተሳላሚ ነኝ» አለው። «ግን ዞሬ ነው የምወርደው። በል ዙርና እስከዚያ ባሕር ዛፍ ሩጥልኝ።»

ወንድሜ ዞሮ ሮጠ። ዛፉ ጋ ሊደርስ ሲል ቀኝ እግሩ ታጠፈበትና ግንዱን አቅፎ ቆመ። አሰልጣኙ ተከትሎት ወረደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከበልግ።»

«አንድ ሰው ቢገጭህ እኮ ሽባ ትሆናለህ።»

«ይህችን ዓመት ብቻ፣ ጋሼ። ከዚያ ራሴ አቆማለሁ።»

«አንድም እሑድ አላሰልፍህም» አለው አሰልጣኙ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሌሎቹን ይዞ ወረደ።

እኛ ወደ ኋላ ቀረን። ወንድሜ ሹራቡን ለበሰ፤ ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ፣ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ቀስ እያለ ወረደ። ብዙ ከሄድን በኋላ፣

«ዳገቱን ግን ሁለተኛ ነበርኩ አይደል?» አለኝ።

«ሦስተኛ ነህ። አይቼሃለሁ።»

«አንቺ እኮ ለወንድምሽም አትጨምሪም!»

ሰኞ ሽመና ክፍል ገባ። የተበጠሰ ክር አቋጣጠር ያሳየችው ሴት ከእሱ በፊትም ኳስ ያቆሙ ተጫዋቾችን ተቀብላ አስተምራለች። «እናንተ ስትባሉ እጃችሁ ሁለቱም ግራ ነው» አለችኝ ብሎ ነገረኝ። እየዋለ እያደረ ለመደው። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚያደነቁር ግን ቤት ገብቶም እየጮኸ ያወራ ጀመር። ለፈተና ሳጠና፣

«ቀስ በል እንጂ፣ ወንድም ጋሼ» እለዋለሁ።

«ቀስ ብዬ ነው እኮ የማወራው!» ይላል፣ ጎረቤት እስኪሰማ።