ኒካሬቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ

የሃሊሙስ መንደር ሴቶች የኒካሬቴን ምላስ እንፈራዋለን፤ እንወደዋለንም። በየዓመቱ ገብስ ከመዝራታችን በፊት፣ ያገባን ሴቶች ብቻ የእህል አምላካችንን የዴሜተርን በዓል ስናከብር፣ የብልግናውን ቀልድ የምትጀምረው እሷ ነበረች። ካልሳቅን ዘር አይበቅልም። የሙታን ንጉሥ የዴሜተርን ልጅ ሊያገባት ነጥቆ መሬት ውስጥ ሲገባ፣ እናትየው ምድርን አደረቀቻት፤ በሐዘኗ መሐል አስቃ እህል ያስቀመሰቻት አንዲት ባለጌ ቀልደኛ ነበረች። ልጅቷ በኋላ ብትመለስም እዚያ ታች የሙታንን ምግብ፣ ሮማን፣ ቀምሳ ስለነበር በዓመት አራት ወር ከባሏ ጋር ትኖራለች። ያኔ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ስትወጣ ይለመልማል።

ኒካሬቴ ባሏን ባሕር በልቶባት፣ አንድ ልጇን ሚርታሌን በቁራሽ ማሳ ያሳደገች ሴት ናት። ልጅቷ ስትደርስ አጎቷ ማራቶን በምትባል ሩቅ መንደር ለሚኖር ሰው፣ ያውም ፀጉሩ ለሸበተ፣ ዳራት። እናትየውን የጠየቃት የለም። ሰውየው ሁለት ዓመት ሙሉ ሚርታሌን እናቷን እንድትጠይቅ አልላካትም። ኒካሬቴም ሳቋን አቆመች። ዘንድሮ የመዝሪያው ጊዜ ተቃርቦ እንኳ ዘሯን ለማበጠር ከማሰሮው አላወጣችም።

«ዘርሽን አበጥሪ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ለማን ብዬ? ለዴሜተር እንኳን በዓመት ስምንት ወር ሰጥተዋታል። ለእኔ አንድ ቀን የሰጠኝ አለ?»

ይህ አንጀቴን በላኝ። በበጋ ወደ ቅዱሱ ጉድጓድ የጣልናቸውን የአሳማ ግልገሎች ብስባሽ፣ ከዘሩ ጋር እንዲቀላቀል፣ በበዓሉ ወርደው የሚያወጡት፣ ሦስት ቀን ከወንድ የራቁ ሴቶች ናቸው። ዘንድሮ አንዲት ጎድላን ነበር። ለማራቶኑ ሰው «አምላካችን ሚስትህን ትፈልጋለች» ብዬ መልእክት ላክሁ። አምላክን እምቢ የሚል ወንድ አላየሁም።

ለኒካሬቴ አልነገርኳትም። ልጅቷ ባትመጣስ ብዬ ፈራሁ። ልጅቷም ከመጣች በኋላ ሦስቱን ቀን ለብቻዋ ተከልላ ቆየች። ስለዚህ እናትና ልጅ የተያዩት ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ሚርታሌ ገመድ ወገቧ ላይ ታስሮ ቅርጫት ይዛ ስትቆም ነው።

ኒካሬቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «አንቺ ሴትዮ! አመጣሽልኝ ወይስ ልትቀብሪያት ነው? ታች እባብ መኖሩን አታውቂም?»

«እማዬ፣ ተይ አትጩሂ፣ መጣሁ» አለች ልጅቷ፤ ወረደችም።

እባቦቹ እንዲሸሹ ሁላችንም እናጨበጭብ ጀመር። ገመዱ ወረደ፣ ወረደና ቆመ። ጠበቅን። ምንም ድምፅ የለም። ጭብጨባው እየሳሳ ሄደ። ኒካሬቴ ፊቷ አመድ መስሎ ጉድጓዱ አፍ ላይ በደረቷ ተኛች። ታለቅሳለች ስል ጮኸች፦

«ሚርታሌ! እባብ ካየሽ አትደንግጪ! ከባልሽ ይልቅ ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን ሩጪ!»

ከዚያ ከመሬቱ ሆድ ሳቅ ተሰማ።

«ኧረ እማዬ፣ እንደሱማ ከሆነ ሁሉም ሊያስሮጠኝ ነው!»

እንዲያ ስቀን አናውቅም። የበዓሉ አለቃ፣ ያቺ ኮስታራ፣ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ሚርታሌን ስንጎትት ጭቃ ለብሳ፣ ቅርጫቷ ሞልቶ፣ አፍንጫ በሚሰነጥቅ ግማት ታጅባ ወጣች። እናቷ ከነግማቷ አቅፋት አልለቅም አለች። እኔም አለቀስኩ፤ ግማቱ ነው ብዬ ዋሸሁ።

በማግስቱ ባልየው በቅሎ ይዞ መጣ። አለቃችን ፊቷን ኮስተር አድርጋ «እባቦቹ ለምደዋታል፤ ከእንግዲህ በየዓመቱ እሷው ናት የምትወርደው» አለችው። ከኋላዋ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ምን ይበል? እሺ አለ።

በቅሎዋ ሚርታሌን ይዛ ከዓይን ስትጠፋ ኒካሬቴ ማሳዋ ውስጥ ገባች። ከጉድጓዱ የወጣውን ከገብሱ ጋር እያሸች ስትዘራ ተከተልኳት።

«አልከፋሽም?» አልኳት።

«ከፋኝ እንጂ። ዴሜተር ስምንት ወር፣ እኔ አንድ ቀን!» አለችና እፍኟን በተነች። «ግን የእኔም ትወጣለች።»