የሁዳዴ ክኒን

ደብረ ማርቆስ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ቶሎ የመቆጣት ጠባይም አለብኝ።

ይጁቤ የምትኖረው እናቴ እንቅርቷ ትንፋሽ እስኪያሳጥራት አብጦ በቀዶ ሕክምና ሲወጣላት፣ ዕድሜ ልኳን በቀን አንድ ክኒን እንድትውጥ ታዘዘላት። ለምን እንደሆነ ያስረዳኋት እኔ ነኝ።

"አንገትሽ ላይ የነበረው እጢ ከጨው አዮዲን እየወሰደ ሰውነት የሚሞቅበትን ሆርሞን ይሠራ ነበር። ሆርሞኑ ሲያንስ አንጎል ሥር ያለች ትንሽ እጢ 'ጨምር' ብላ ታዘዋለች፤ ሲበቃ ዝም ትላለች። አዮዲን ከጠፋ ግን ትእዛዙ አይቆምም፤ እጢው ሲታገል ያብጣል።"

"አሁንማ ብታዝ ማን ሊሰማት፤ ተቆርጦ ሄዷል" አለችና ሳቀች።

"ለዚህ ነዋ ክኒኑ! በባዶ ሆድሽ፣ ጠዋት። ጠዋት ካልሆነ አይሠራም" አልኳት፣ ተማሪ እንደምቆጣ ጣቴን ቀስሬ። ሐኪሙ ጠዋት ይመረጣል ነበር ያለው። ያጠበቅኩት እኔ ነኝ።

ሁዳዴ ገባ። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም። ጠዋት ብትውጥ ጾሟ ይፈርሳል፤ ከዘጠኝ በኋላ ደግሞ አይሠራም ተብላለች። ሳትነግረኝ ተወችው። ሆርሞኑ ከደም ቶሎ ስለማያልቅ በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልሆነችም፤ ያለ ክኒን መክረም የምትችል መሰላት።

እየቆየ በስልክ ድምጿ ጎረነነ፤ ቃሏም ተጎተተ። "ይበርደኛል ልጄ፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል" ስትለኝ፣ "አርጅተሽ ነው እማዬ፣ ጋቢ ደርቢ" ብዬ ቀለድኩ። እነዚህን የሆርሞኑ ማነስ ምልክቶች በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ እኮ! ስለ ክኒኑ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ሆሳዕና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጎረቤቷ "አልነቃ አለችን" ብላ ደወለችልኝ። ሄጄ ሆስፒታል ስናደርሳት እጇ በረዶ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። "ክኒኑንስ?" ስላት፣ "ጠዋት ካልሆነ አላልሽኝም? ከፋሲካ በኋላ እጀምራለሁ" አለችኝ በዝግታ። ሐኪሙ ማታ ብትውጠውም ይጠቅማት እንደነበር ነገረኝ። በማግስቱ አረፈች።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ "ጾሟን ሳትሽር ሄደች፤ ታድላ" እያለ አጽናናኝ። እኔም "አዎ፣ ታድላ" እላለሁ። የገደላት የእኔ ቃል መሆኑን ለአንዳቸውም አልነገርኩም።